ሳናነበው የፈረምንበት ደንብ

ይድረስ ለማከብርዎት አባቴ ለአቶ ላፌቦ፤

እንደምን ሰነበቱ አባዬ? ጉልበትዎ እንዴት ይዞታል? ዓለሚቱ ባለፈው ስትደውል ጠዋት ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ ግድግዳ ይዘው ነው የሚነሡት ብላኝ ሐሳብ ገባኝ። የተሠራልዎት ዓይንስ? አሁንም ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለው መጽሐፍ ቅዱስዎን ያለ መነጽር ያነባሉ? እማዬስ ስኳሯ እንዴት ነው? መድኃኒቷን ሳታጓድል ትወስዳለች ወይስ እንደ አምናው «ዛሬ ደህና ነኝ» እያለች ትተወዋለች? የእንሰቱ በሽታ ወደ እኛ ጓሮ ተሻገረ ወይስ ከጎረቤት አጥር ወዲያ ቆመ? ቀይዋ ላም በሰላም ተገላገለች? ሁሉን አንድ በአንድ ብጠይቅ ወረቀቱ ያልቃል፤ ብቻ የዚያ ቤት ሰው ሁሉ፣ ከብቱም ጭምር፣ በጌታ ጥላ ሥር ውሎ ይደር እላለሁ።

እኛ በሕይወት አለን። ኤርጎጌ ደህና ናት፣ ልጆቹም ትምህርታቸው ላይ ናቸው፤ እኔም መርካቶ ምናለሽ ተራ በርሜል እየቆረጥኩ ምድጃ መሥራቴን አልተውኩም። ግን አባዬ፣ ሁለት ወር ሙሉ ድምፄ የጠፋብዎት በሥራ ብዛት አይደለም። ስልክ ላይ ጆሮዎ አልይዝ ስለሚልዎት እየጮኽኩ ነው የማወራዎት፤ ይህ ደግሞ እየተጮኸ የሚነገር ነገር አይደለም። ዛሬ እሑድ ነው። የምሄድበት ጉባኤ ስለሌለኝ ቤት ቁጭ ብዬ እጽፍልዎታለሁ። እባክዎ ለብቻዎ ያንብቡት፤ ለእማዬ የሚነገረውን እርስዎ ይመርጣሉ።

እትዬ ይመኙሻል አርፈዋል። ያስታውሷቸዋል፤ በርበሬ በረንዳ ቅመም የሚሸጡት ቀጠን ያሉ ሴትዮ ናቸው። የዛሬ አራት ዓመት ለዓይንዎ ሕክምና መጥተው እኔ ቤት በተኙ ጊዜ፣ ዓይንዎ ታስሮ ሳለ በየቀኑ እየመጡ መዝሙረ ዳዊት ያነበቡልዎት። እኔ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ አውቶቡስ ተራ ወርጄ ማደሪያ ሳጣ ከቅመም ጆንያቸው አጠገብ ቦታ የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። ጸሎት ቤቱን ያሳዩኝ እሳቸው፣ ኤርጎጌንም ያጩልኝ እሳቸው ናቸው። ልጅ አልወለዱም። ባላቸው ጋሽ ሽፈራው ከሞቱ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል፤ የተቀበሩት በወንጌል አማኞች መቃብር ነው። በየዓመቱ ሄደን ሣሩን ስናጸዳ እትዬ ይመኙሻል ከመቃብሩ አጠገብ ያለችውን ክፍት መሬት በመዳፋቸው እየዳሰሱ «እኔን እዚህ» ይሉኝ ነበር። ሌላ ኑዛዜ አልነበራቸውም። ያንኑ አንዱን አልፈጸምንላቸውም። ለምን እንዳልፈጸምን ለመንገር ወደ ኋላ መመለስ ይኖርብኛል።

መጋቢያችንን፣ መጋቢ ኃይለ ማርያምን፣ ያውቋቸዋል። ከሰባት ሰው ተነሥተው ጉባኤያችንን ሰማንያ ያደረሱ፣ ከራጉኤል ጀርባ በሐጂ ሙደሲር መጋዘን ፎቅ ላይ አዳራሽ ያስገኙልን እሳቸው ናቸው። ነገሩ ሁሉ በእሳቸው ራስና በእሳቸው እጅ ላይ ነበር። ደብዳቤ የሚፈርሙት እሳቸው፣ ጋብቻ የሚባርኩት እሳቸው፣ በዚህ ሳምንት እገሌ ይስበክ የሚሉትም እሳቸው። ሥልጣን ወድደው አልነበረም፤ እኛ ነን አንዱን ሸክም በሌላው ላይ እየደረብን የጫንባቸው። ኅዳር ሃያ ሁለት እሑድ ስብከታቸውን ጨርሰው ደረጃውን ሲወርዱ ወደቁ። ሐኪሞቹ ደም ራሳቸው ውስጥ ፈስሷል አሉን። ቀኝ ጎናቸውም አንደበታቸውም ተያዘ።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አብረን ጾምን፣ አብረን አለቀስን። ከዚያ የመድረኩ ጉዳይ መጣ። ባለቤታቸው እህት ብዙነሽ፣ «መንጋውን እኔ ልጠብቅ ወይ?» ብዬ ብጠይቀው በደህናው እጁ እጄን ጨበጠኝ፣ አለችን። አሥር ዓመት ረዳታቸው ሆኖ ያገለገለው ወንጌላዊ ስንታየሁ ደግሞ፣ ከአምስቱ ሽማግሌዎች ሦስቱን ይዞ፣ የጌታ ቤት የባልና የሚስት ርስት አይደለም አለ። ሁለቱም ደጋግ ሰዎች ናቸው አባዬ። እህት ብዙነሽ ኤርጎጌ በወሊድ ስትሠቃይ ሁለት ሳምንት ከአልጋዋ ሥር መሬት ላይ ተኝታ ያስታመመቻት ናት። ስንታየሁም የገዛ ካፖርቱን አውልቆ ለሰው ሲሰጥ በዓይኔ ያየሁት ሰው ነው። መካከላቸው አንድ ክፉ ሰው ቢኖር ይቀለኝ ነበር። ክፉውን ጠልቼ እገላገል ነበር።

የገና ሰሞን እሑድ ሁለቱም ሊያገለግሉ ቆሙ። እሷ መዝሙር ስታስጀምር እሱ መጽሐፍ ቅዱሱን ገለጠ። አንዱ ሽማግሌ ማይኩን ሲይዝ የእህት ብዙነሽ ወንድም ነጠቀው፤ ድምፅ ማጉያው ጆሮ የሚበጣ ጩኸት ጮኸ፣ ሕፃናቱ አለቀሱ። ታች ጨርቅ የሚያራግፉት የሐጂ ሙደሲር ሠራተኞች ሥራቸውን አቁመው ወደ ፎቅ ያንጋጥጡ ነበር። ያን ቀን ሰው ሁሉ በአንድ ቃል ደንቡ ይውጣ፣ ደንቡ ይነበብ አለ። እኔ ጸሐፊ ስለሆንኩ ደንቡ ያለው እኔ ዘንድ ነው።

አሁን ኃጢአቴን ልናዘዝልዎት። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ፈቃድ ልናወጣ ስንል የመተዳደሪያ ደንብ አቅርቡ ተባልን። መጋቢ ኃይለ ማርያም አንተ ብዕር ትችላለህ፣ የሆነ ነገር አዘጋጅ አሉኝ። እኔም ወደ አንዋር መስጊድ መውጫ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። ረዲ የሚባለው ጸሐፊ ከዚህ በፊት ለአንድ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን የተየበው ደንብ ፍላሹ ላይ ነበረው። ስሙን ብቻ ልቀይርልህ አለኝ። እሺ አልኩት። አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀም። ሃምሳ ሁለት አንቀጽ፣ ጥርዝ ተደርጎለት፣ ሽፋኑ ላይ መስቀል ወጥቶበት ይዤ ተመለስኩ። እሑድ ከአምልኮ በኋላ የመጨረሻውን ገጽ ብቻ ዘርግቼ ሠላሳ አንድ ሰው አስፈረምኩ። አንድም ሰው ገልጦ አላየውም። እኔም አላነበብኩትም። ሁላችንም፣ መንፈስ ቅዱስ የሚመራውን ቤት ወረቀት ምን ያደርግለታል፣ የሚል ነገር በሆዳችን ነበረ።

እርስዎ ግን ዓይንዎ ታስሮ ሳለ ጠይቀውኝ ነበር። ደንባችሁን ማን ጻፈው አሉኝ። ተጽፏል አባዬ አልኩዎት። ማን እንደ ጻፈው ነው የጠየቅኩህ አሉኝ። በልቤ የገጠር ሽማግሌ ጭቅጭቅ ነው ብዬ ወሬ ቀየርኩ። እናንተ የአገር ቤቱን ጸሎት ቤት ደንብ ስትጽፉ ሁለት ክረምት መፍጀታችሁን፣ በአንዲት አንቀጽ ላይ ከአቶ ሀንዲሶ ጋር ወር ሙሉ ተኳርፋችሁ በኋላ መታረቃችሁን ሲነግሩኝም ሳቅኩብዎት።

ደንቡን በጉባኤው ፊት ቆሜ ያነበብኩት እኔ ነኝ። አንቀጽ ሦስት ላይ «የቤተ ክርስቲያኒቱ ዋና መሥሪያ ቤት ሐዋሳ ይሆናል» ይላል። አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌላ አልተከተለውም። አንቀጽ ሃያ ሰባት ላይ ደረስኩ። ዋናው መጋቢ በሞት፣ በሕመም ወይም በሌላ ምክንያት ሥራውን መሥራት ባይችል ተተኪውን የሚሰይመው «የአውራጃዎች ጠቅላላ ሸንጎ» ነው ይላል። እኛ አውራጃ የለንም አባዬ። አንድ አዳራሽና አርባ ሁለት አግዳሚ ወንበር ነው ያለን። ገጹን ገለጥኩ። ይህን ደንብ ማሻሻል የሚችለውም ያው ሸንጎ ብቻ ነው ይላል። እትዬ ይመኙሻል ፊት ለፊቴ ነበር የተቀመጡት።

«ልጄ፣ ይሄ ስለ እኛ ነው እንዴ የሚያወራው?» አሉኝ።

«አይደለም እትዬ» አልኳቸው።

«ታዲያ ስለ እኛ የሚያወራው የት አለ?»

ወረቀቱን አጥፌ ተቀመጥኩ።

በማግሥቱ ፈቃድ የሰጠን መሥሪያ ቤት ሄድኩ። የተቀበለችኝ ሴት ትሑት ናት፤ ወንበር ሰጥታ አስቀምጣኝ ፋይላችንን አውጥታ አነበበችው። በመዝገብ ያለው ፈራሚ መጋቢ ኃይለ ማርያም ብቻ መሆናቸውን፣ ሌላ ሰው ለመተካት በገዛ ደንባችን መሠረት የሸንጎው ቃለ ጉባኤ እንደሚያስፈልግ ነገረችኝ። ሸንጎ እንደሌለን ነገርኳት። አንቀጹን ደግማ አንብባ፣ ታዲያ ይህን አንቀጽ ለምን ጻፋችሁት አለችኝ። ተቆጥታ ቢሆን ጥሩ ነበር። ከልቧ ግራ ገብቷት ነው የጠየቀችኝ።

እንዲህ ተንጠልጥለን ሳለን ነው እትዬ ይመኙሻል የሞቱት። ጥር አሥራ ሦስት ማክሰኞ ነው፤ በራጉኤል በኩል የጥምቀቱ ባንዲራ ገና ከመንገዱ ላይ አልወረደም ነበር። ጠዋት ቅመም ሲመዝኑ ደረቴን ብለው ተቀመጡ፤ ሐኪም ቤት ሳይደርሱ አለፉ። እኔ ደርሼ ዓይናቸውን ከደንኩ። እጃቸው እርድ እንደነካ ነበር።

በወንጌል አማኞች መቃብር ለመቅበር ሟቹ አባል የነበረበት ጉባኤ ደብዳቤ መጻፍ አለበት፤ በመቃብሩ ጽሕፈት ቤት በተመዘገበው ሰው ፊርማና በጉባኤው ማኅተም። ማኅተሙ ያለው እኔ ጋ ነው። እህት ብዙነሽ የራሷን ደብዳቤ ጽፋ መጣች፤ እያለቀሰች ነበር፣ መታሁላት። ከአንድ ሰዓት በኋላ ስንታየሁ የራሱን ይዞ መጣ፤ ያሳደጉኝን ሴት ልቅበርበት አለኝ፣ ለእሱም መታሁለት። ለአንዱ መትቼ ለሌላው ብከለክል ወገን ለየህ እባላለሁ ብዬ ፈራሁ። ይኸው ነው አባዬ፤ ማስተዋል አልነበረም፣ ፍርሃት ነበር። ሁለቱ ደብዳቤዎች በአንድ ቀን አንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኙ። ማኅተማቸው አንድ ነው፣ ፊርማቸው ሁለት። የመቃብሩ ጸሐፊ ሁለቱንም መለሳቸው፤ ተስማምታችሁ ኑ አላቸው። እነሱ ደግሞ በሩ ላይ እንደ ቆሙ ይወቃቀሱ ጀመር። አስከሬኑ ሬሳ ማቆያ አደረ።

ረቡዕ ጠዋት ሦስተኛ ደብዳቤ ጽፌ መጋቢ ኃይለ ማርያም ቤት ሄድኩ። የተመዘገበው ፊርማ የእሳቸው ነውና እሳቸው ቢፈርሙ ያልቃል ብዬ ነው። መስኮት ሥር ተቀምጠው ነበር። እትዬ ይመኙሻል ማረፋቸውን ስነግራቸው ዓይናቸው ሞላ፤ አፋቸው ተንቀሳቀሰ፣ ቃል ግን አልወጣም። ደብዳቤውን ሰሌዳ ላይ አድርጌ ብዕሩን በግራ እጃቸው አስያዝኳቸው። ብዙ ታገሉ። ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ እስኪል ታገሉ። የወጣው ግን እንደ ትል የተጠማዘዘ መስመር ነበር፤ ያንን ቁልቁል የሚወርደውን የድሮ ፊርማቸውን አይመስልም። ራሳቸውም አይተው አወቁት። ብዕሩ ከእጃቸው ወደቀ። እህት ብዙነሽ ከኋላዬ ቆማ ነበር፤ ላቡን በሸማዋ ጠረገችላቸው።

ይዤው ሄድኩ። ጸሐፊው ዕድሜው ከእርስዎ ብዙም የማይርቅ ሰው ነው። ወረቀቱን ከመዝገቡ ጋር አስተያየው፤ መነጽሩን አወለቀ።

«ልጄ፣ ትናንት ሁለት መጣልኝ፣ ዛሬ ሦስተኛ። ከሦስቱ የቱን ልመን? ነገ አንዳችሁ አለአግባብ ተቀበረች ብላችሁ ብትከሱኝ እኔ ምን እላለሁ?»

ባላቸው እዚያ ተኝተዋል፣ ከዛፉ ሥር፣ ላሳይዎት አልኩት። አምንሃለሁ አለኝ። አምናለሁ እንጂ ልፈቅድ አልችልም አለኝ። ይህ ሰው ደንቡን ጠብቆ ነው ያሰናበተኝ አባዬ፤ በእሱ ልፈርድ አልቻልኩም። ከግቢው ስወጣ የጋሽ ሽፈራውን መቃብር በአጥሩ ሽቦ መካከል አየሁት። ከጎኑ ያለችው ክፍት መሬት ሣር በቅሎባታል።

ሐሙስ ሬሳው ሦስተኛ ቀኑን ያዘ። መርካቶ ውስጥ ወሬ ይሮጣል፤ በርበሬ በረንዳ ያሉ ነጋዴዎች የጴንጤዎቹ ሬሳ ተጣልተውበት ሳይቀበር ቀረ ይሉ ጀመር። እኔ በዚያ መንገድ ማለፍ ትቼ በሌላ መንገድ ዞሬ ነበር ሥራ የምገባው። ከሰዓት በኋላ ሐጂ ሙደሲር አስጠሩኝ። አከራያችን ብቻ አይደሉም፤ እትዬ ይመኙሻል አርባ ዓመት አባል የነበሩበት የሰፈሩ እድር ዳኛ ናቸው። እድሩ እስላሙንም ክርስቲያኑንም የያዘ ነው። ሱቃቸው ውስጥ የጨርቅ ጥቅል ላይ አስቀመጡኝና ጠርዙ ያለቀ ወፍራም ደብተር አወጡ፤ የእድሩ ደንብ ነው። ጣታቸውን አሥራ አራተኛው ቁጥር ላይ አድርገው አነበቡልኝ። አባል ሞቶ ዘመድ ቢታጣ ወይም ዘመድ ነን ባዮች በቀብሩ ባይስማሙ፣ ሬሳ ከሁለት ቀን በላይ አያድርም፤ ዳኛው እንደ ዘመድ ሆኖ ያስቀብራል ይላል።

«ይህችን መስመር ለመጻፍ ሦስት እሑድ ተጣልተንባታል» አሉኝ። «አንድ ሰውዬ ሞቶ ሁለት ሚስቶቹ ሬሳ ጎትተው ነበር። ከዚያ በኋላ ነው የጻፍናት። ሁለቱ ቀን እስኪሞላ የጠበቅኩት ደንቡ ስለሚያስረኝ ነው እንጂ ትናንትናውኑ ባነሣኋት።»

በወንጌል አማኞች መቃብር ላስቀብር ብለው እሳቸውም ሰው ልከው ነበር፤ ከጉባኤው ደብዳቤ ካልመጣ አይሆንም ተባሉ። ስለዚህ ከተማው ከዳር ባዘጋጀው ቦታ፣ ዘመድ የሌላቸው ሰዎች በሚቀበሩበት ግቢ ፈቃድ አገኙ። አርብ ከጁምዓ በፊት ይሁን ተባለ፤ የእድሩ ሙስሊሞች ቀብረው ለሶላት እንዲደርሱ።

አርብ ጠዋት እንዲህ ሆነ። የእድሩ ሰዎች ሣጥኑን ተሸከሙ። የእኛ ሰዎች በሁለት መኪና መጥተው በጉድጓዱ ግራና ቀኝ ቆሙ። ሣጥኑ ሲወርድ እህት ብዙነሽ መዝሙር አነሣች፤ በወዲያኛው በኩል ስንታየሁ ጸሎት ጀመረ። ሁለቱም ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ያ መዝሙር እትዬ ይመኙሻል የሚወዱት ነው፤ ያ የጸሎት ቃልም የሚወዱት ነው፤ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ጠብ ነው የሚመስለው። ሐጂ ሙደሲር አካፋውን ይዘው ቆመው ይመለከቱ ነበር። በመጨረሻ ቀስ ብለው፣ ልጆቼ፣ አፈሩን እናልብሳት፣ ዝም በሉ አሏቸው። ከዚያ የሚሰማው የአፈሩ ድምፅ ብቻ ነበር። መቃብሩ ላይ የእትዬን ስም በቀለም የጻፈው ሰሚር የሚባል የእድሩ ተላላኪ ነው። የአባታቸውን ስም ጠየቀኝ። አላውቀውም ነበር። ሃያ ስድስት ዓመት ልጄ ሲሉኝ ኖረው የአባታቸውን ስም አላውቅም።

በሳምንቱ ሐጂ አዳራሹን ቆለፉት። ክፋት የለባቸውም። ሁለታችሁም ቁልፍ ይስጡኝ ትሉኛላችሁ፤ ተከራዬ ማን እንደሆነ የሚናገር አንድ ወረቀት አምጡልኝ፣ ያን ቀን እከፍታለሁ አሉ። ይኸው ሁለት ወር፣ ወረቀቱ የለም። ግማሹ ወደ ትልልቆቹ አብያተ ክርስቲያናት ሄደ፣ ግማሹ በየቤቱ ይጸልያል፣ ግማሹ ጭራሹን እሑድ ሱቁን መክፈት ጀመረ። እኔ በበኩሌ ተቀምጬ አዲስ ደንብ ጻፍኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉ የለም? ስለ እኛው የሚናገር ደንብ ነው፤ መጋቢ ቢታመም፣ ሰው ቢጣላ፣ ሰው ቢሞት ምን እንደሚሆን፣ ለኤርጎጌ ጮክ ብዬ እያነበብኩ፣ እሷ ያልገባትን እየሰረዝኩ የጻፍኩት። ከዚያ ይህን ለማጽደቅ ብዬ ሰው ጠራሁ። አሥራ አንድ ሰው ሐጂ ሱቅ በረንዳ ላይ መጣ። ከመቀመጣችን አንዱ ሽማግሌ ይህን ጉባኤ ማን ጠራው፣ አንተ በምን ሥልጣን ጠራኸን አለኝ። ጉባኤ የሚጠራውን የሚናገር ደንብ የለንም፤ ያለው ሸንጎውን ይጠራል፣ ሸንጎው የለም። ሻይ እንኳ ሳይጠጡ ተበተኑ።

አባዬ፣ ሽማግሌ ሰብስበው ይመጣሉ ብዬ አይደለም ይህን የምጽፍልዎት፤ በዚያ ጉልበት አይሞክሩት። ምን ላድርግ ብዬም አይደለም፤ የሚደረገውን ሁሉ ሞክሬያለሁ መሰለኝ። ምናልባት የቀረኝ ዝም ብሎ መጠበቅ ነው፤ ምን እንደምጠብቅ ግን አላውቅም። ብቻ እዚያ ያሉ ወጣቶች ደንባችሁን የሽማግሌ ወረቀት ነው ብለው እንደ እኔ ቢሥቁ ይህን ደብዳቤ ያንብቡላቸው። ስሜንም አይደብቁ። እኔ ደንብ ማለት የማይተማመኑ ሰዎች የሚጽፉት ይመስለኝ ነበር። የሚዋደዱ ሰዎች ናቸው ለካ፣ ፍቅራቸው ሳይጎድል፣ ለክፉ ቀን ተቀምጠው የሚጽፉት።

አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ለኤርጎጌም አልነገርኳትም። በየእሑዱ መጋቢ ኃይለ ማርያምን ልጠይቅ እሄዳለሁ። እንደ ምንም አንዳንድ ቃል መመለስ ጀምረዋል፤ ጌታ ይመስገን። ያለፈው እሑድ እጄን ይዘው ብዙ ከታገሉ በኋላ «ይመኙ… የት?» አሉኝ። የት ተቀበረች ማለታቸው ነው። እህት ብዙነሽ ቀና ብላ አየችኝ፤ ወዲያው ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች።

«ከጋሽ ሽፈራው ጎን» አልኳቸው።

ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ፊታቸውም ረጋ አለ። እህት ብዙነሽ አላረመችኝም። ስንታየሁም በማግሥቱ ሊጠይቃቸው ሄዶ ያንኑ እንዳላቸው ሰማሁ። ከኅዳር ወዲህ ሦስታችን የተስማማንበት ነገር ይህ ውሸት ብቻ ነው። እውነቱን ልንገራቸው ወይስ እንዲሁ ይረፉ? እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?

ለእማዬ ጉልበቷን ስሜያለሁ ይበሉልኝ፤ የመድኃኒቷን ነገር አደራ። ለእህቴ ለዓለሚቱና ለባሏ፣ ለልጆቻቸውም ለእያንዳንዳቸው ሰላምታዬ ይድረስ። ለአቶ ሀንዲሶ ልዩ ሰላምታ ያቅርቡልኝ፤ ሲኳረፉ የሣቀባቸው ልጅ ይቅርታ ይጠይቃል ይበሏቸው። ለጎረቤቱ ሁሉ፣ ለጸሎት ቤቱ ሽማግሌዎችና ለመዘምራኑ ሰላም ይበሉልኝ። ኤርጎጌና ልጆቹ እጅ ይነሣሉ። መልስዎን በአውቶቡስ በሚመጣ ሰው ይላኩልኝ፤ ሁለት መስመር ብትሆንም ትበቃኛለች።

ልጅዎ ዴታሞ ላፌቦ
አዲስ አበባ፣ አዲስ ከተማ፣ አማኑኤል ሰፈር
መጋቢት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.